ስንቆረጥ፣ ስንቃጠል፣ ስንሰበር ወዴት እንሂድ? የወሎ ሰው አማራጮች ሲነጻጸሩ

እኛ ወሎ ሰው ሲጎዳ ምክር አያጥርም። አንዷ ጎረቤት የቡና ዱቄት ይዛ ከች ትላለች። ሌላው «ኧረ ወጌሻው ይየው» ይላል። ወጣቱ ባጃጅ ሊጠራ ስልኩን ያወጣል። አዛውንቱ «አብሽር፣ ምንም አትሆን» እያሉ ዱዓ ያደርጋሉ። ሁሉም ለደግ ብሎ ነው። ችግሩ፣ አንዱ ምክር እግር ሲያተርፍ ሌላው እግር ያስቆርጣል።

የምሠራው ከደሴ ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ምክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይደርሳል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ምን ልቀባበት የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው። አንደኛው «ታጥቧል ወይ?» የሚለው ነው። የት ይሂድ የሚለውን ደግሞ ቅርበትም ዋጋም አይወስነውም። የሚወስነው ጉዳቱ ራሱ ነው።

መጀመሪያ ጉዳቱን እዩት

ደም ሲታይ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ደም ግን ብዙ ጊዜ ያታልላል። የራስ ቆዳ ብዙ የደም ሥር ስላለው፣ ግንባር ላይ ያለች ትንሽ ቁስል ቤቱን ደም በደም ታደርገዋለች። የዛገ ምስማር የወጋው እግር ግን ሁለት ጠብታ ደም አሳይቶ ዝም ይላል። ከሁለቱ እኔን የሚያስፈራኝ ምስማሩ ነው። ጠባብና ጥልቅ ቁስል ውስጥ አየር አይገባም፤ የሚታጠብበት ውሃም ታች ድረስ አይደርስም። የመንጋጋ ቆልፍ ማለትም የቲታነስ ጀርም የሚመቸው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

እኔ በሽተኛ ሲመጣ የምጠይቀው አራት ነገር ነው። ምን ያህል ጠልቋል? አፈር፣ እበት ወይም ጥርስ ነክቶታል? የት አካል ላይ ነው? ከተጎዳ ስንት ሰዓት ሆነው? እናንተም ቤት ሆናችሁ ይህን መጠየቅ ትችላላችሁ። ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ለአራቱም ጥሩ መልስ አለው፤ ቤት ይታጠባል፣ ቤት ይድናል። በአጨዳ ማጭድ ጣቱን የከፈለው ገበሬ ግን ደሙ ቢቆምለትም ቤት መቅረት የለበትም። ጣት ውስጥ ጅማት አለ። ጅማቱ ተቆርጦ ከሆነ ጣቱ አይታጠፍም ወይም አይዘረጋም። ይህን ቶሎ ያልታየለት ሰው ዕድሜ ልኩን በደረቀ ጣት ይቀራል።

ደሙ አልቆም ካለ ንጹህ ጨርቅ አድርጎ አጥብቆ መጫን ነው። አስር ደቂቃ ሙሉ፣ ሳይገልጡ። የኛ ሰው ግን ትዕግሥት የለውም፤ በየደቂቃው «ቆመ እንዴ?» እያለ ይገልጣል፣ የረጋውንም ይነቅለዋል። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ሌላ ይደረብበት። ከእጅ ወይም ከእግር እየተፈናጠረ የሚወጣ ደም በመጫን እምቢ ካለ ብቻ፣ ከቁስሉ ከፍ ብሎ መገጣጠሚያ ባልሆነ ቦታ በሰፊ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ የታሰረበትን ሰዓትም መጻፍ። ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል። ቢላ ወይም እንጨት ሥጋ ውስጥ ተሰክቶ ከቀረ ደግሞ አትንቀሉት። ደሙን ደፍኖ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋችሁ እንደተሰካ ውሰዱት።

በምን ይታጠብ?

እዚህ ላይ ውድድሩ ብዙ ነው፤ አሸናፊው ግን ተራው ውሃ ነው። ለመጠጥ የሚሆን የቧንቧ ውሃ ካለ ቁስሉን እሱ ሥር ይዞ ማጠብ በቂ ነው። የምንጭ ወይም የወንዝ ውሃ ከሆነ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ሳሙና ለቁስሉ ዙሪያ ጥሩ ነው። ዋናው ብዛቱ ነው። አንድ ኩባያ ውሃ ጠብ አድርጎ «ታጥቧል» ማለት አይሆንም፤ አሸዋውና ጭቃው ተጠርጎ እስኪወጣ መፍሰስ አለበት።

የጨው ውሃም ችግር የለበትም፤ ከንጹህ ውሃ የሚበልጥበት ነገር ግን የለም። አንዳንዱ ሲያቃጥል ይሠራል ብሎ ጨው ይበትንበታል። ማቃጠሉ ስቃይ ብቻ ነው።

አረቄና አልኮል ጀርም ይገድላሉ፤ ውሸት አይደለም። አብረው ግን ሊድን የተነሳውን ሥጋ ይገድላሉ። አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድም እንዲሁ ነው። አረፋው ለዓይን ሥራ የተሠራ ያስመስላል፤ ቁስሉን ግን ያዘገየዋል። አልኮል ቦታው የእጅና የመሣሪያ ማጽጃ ነው። እሾህ ልታወጡ ከሆነ ወረንጦውን በእሱ ጥረጉት። በነገራችን ላይ የአባቶቻችን ወረንጦ ብልህ መሣሪያ ነው። አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ለላብና ለአቧራ ስለሚጋለጥ ግን ሳይጸዳ ሥጋ ውስጥ አይግባ።

ምን ይቀባ?

የቡና ዱቄት ጋ ልዘግይ፤ የሥራዬ ግማሹ እሱን ማጠብ ስለሆነ። ቡና ደሙን ያስቆመ ይመስላል፤ ማንኛውም ደረቅ ዱቄት ደም ላይ ሲነሰነስ ይለጠፋልና። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ዱቄቱ ከእዥ ጋር ተጋግሮ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ላዩ ደርቋል፤ ሥሩ ይመግላል። በሽተኛው «ደርቆልኝ ነበር፣ ትናንት ማታ ነው ይጠዘጥዘኝ የጀመረ» ይለኛል። ቅርፊቱን በውሃ አርሼ ሳነሳው መግሉ ይፈስሳል። እና እንደገና ከመጀመሪያው እንታጠባለን፤ አሁን ግን ሕመሙ እጥፍ ነው። ቡናውን ለአቦል አስቀምጡት።

አመድና እበት ከቡናም ይብሳሉ። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም የሚኖረው አፈርና የከብት እበት ውስጥ ነው። እበት ቁስል ላይ መለጠፍ ጀርሙን በእጅ እንደመዝራት ነው። በተለይ የሕፃን እትብት ላይ ምንም አይደረግ፤ ቅቤም ቢሆን።

ማር ለየት ይላል። ማር ጣፋጭና ወፍራም ስለሆነ ከጀርሙ ውሃ ይመጥጣል፤ አሲድነትም አለው። በዚህ የተነሳ በሌላው ዓለም ሆስፒታሎች ለቁስል ተብሎ የተዘጋጀ ማር ይጠቀማሉ። ልዩነቱ ያ ማር ከጀርም የጸዳ መሆኑ ነው። ከቀፎ የወጣው ግን፣ የላስታ ነጭ ማር እንኳ ቢሆን፣ ሰምም አቧራም የጀርም ዘርም ይኖረዋል። ትንሽ ላዩ ላይ ያለ ቁስል ላይ ብትቀቡ አልቆጣም። ጥልቅ ቁስል ላይ ግን አይሁን።

አሁን ወደ ከተሜው ስህተት ልምጣ። ብዙ ሰው የአምፒሲሊን ወይም የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ ይበትናል። ገጠሬው ቡና፣ ከተሜው እንክብል፤ ዱቄቱ ቢለያይም ቅርፊቱ አንድ ነው። እንክብል ተውጦ በደም በኩል እንዲሠራ የተሠራ ነው። ላዩ ላይ ሲነሰነስ ያጋግራል፣ አንዳንዱን ሰው አለርጂ ያስነሳበታል፣ ጀርሙም መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። ጂቪ የሚባለው ወይን ጠጅ ቀለምም ብዙ ወዳጅ አለው። እኔ ግን ቁስል ላይ አልወደውም፤ ቀለሙ ቁስሉ ይቅላ ይጥቆር እንዳላይ ይሸፍንብኛል።

ታዲያ ምን ይሁን? በደንብ ለታጠበ ትንሽ ቁስል ስስ ቫዝሊንና ንጹህ መሸፈኛ ይበቃል። ቁስል አየር ይምታው የሚባለው የቆየ ወሬ ነው። ርጥበቱ ተጠብቆ የተሸፈነ ቁስል ከደረቀው ይልቅ ቶሎ ይድናል፤ ጠባሳውም ያንሳል። መሸፈኛው በየቀኑ ወይም በረጠበ ቁጥር ይቀየር። ጎዝ ከሌለ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀና በካውያ የተተኮሰ ነጠላ ቁራጭ ይሠራል።

ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ ወይስ ሆስፒታል?

ጤና ኬላ ለቀበሌው ቅርብ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም አብዛኛውን ጊዜ ታውቃችኋለች። ቁስል አጥባ ትሸፍናለች፣ የት መሄድ እንዳለባችሁ ትነግራችኋለች። ስፌት ግን የእሷ ሥራ አይደለም። በተቀደደ ክንድ ጤና ኬላ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ሰዓት መግደል ስህተት ነው። ይልቅ ስልኳ ይኑራችሁ፤ ደውላችሁ ጠይቋት።

ጤና ጣቢያ ለአብዛኛው የቁስል ጣጣ ትክክለኛው ቦታ ነው። እዚህ ይሰፋል፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ይሰጣል፣ የመገለ እብጠት ይፈነዳል፣ ቁስልም በየጊዜው ይታጠባል። አብዛኛውን ጊዜ የሌለው ራጅ ነው። ለስፌት የምትመጡ ከሆነ ቶሎ ኑ። በተለምዶ ከተጎዳ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ የመጣ ቁስል በደህና ይሰፋል። ፊት ደም በደንብ ስለሚዘዋወርበት እስከ 24 ሰዓት ይታገሳል። ካደረ በኋላ የመጣ የእግር ቁስል ላይ መርፌ ክር ይዤ አልነሳም፤ ከሰፋሁት ጀርሙን ዘግቼበት ነው የምሰደው። ሰዎች ይህን ስናገር ይከፋቸዋል። «ሦስት ሰዓት በእግሬ መጥቼ እንዴት አትሰፋኝም?» ይላሉ። አለመስፋቱ ግን ሕክምና ነው እንጂ ስንፍና አይደለም።

ሆስፒታል የሚኬደው አጥንት፣ ጅማት፣ ዓይን፣ ሆድ ወይም ደረት ከተነካ፣ ወይም ራሱን የተመታው ሰው ካስመለሰው፣ ከተወዛገበ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ነው። ደሴና ወልዲያ ያሉት ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ትልቁን ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ። ከዚያ በፊት ግን በየወረዳው ያሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች አሉ። ሁሉም ሰው ደሴን ካላየ የታከመ አይመስለውም። ለተቆረጠ ጣት ደሴ ድረስ መጥቶ ተረኛ ሆኖ ከመዋል፣ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ በግማሽ ሰዓት ይጨርስላችሁ ነበር።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ላይ የሚኬደው በሪፈር ወረቀት ነው። ድንገተኛ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። የግል ክሊኒክ ቶሎ ያስተናግዳል፤ ግን ደብተሩ በአብዛኛው እዚያ አይሠራም። ለተራ ስፌት ሁለቱ ጋ ያለው ሥራ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ወረፋው ነው።

መንገድ የማይገባበት ቀበሌ ያላችሁ፣ ቅሬው (እድሩ) ቃሬዛውን የት እንዳስቀመጠ ዛሬውኑ እወቁ። በወሎ ቅሬ የሚያስበው ለቀብር ብቻ አይደለም፤ ሕመምተኛን ተራ እየተቀባበለ አስፋልት የሚያደርሰውም እሱ ነው። ሌሊት ላይ ቃሬዛ ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር ብዙ ደም ያስፈስሳል።

የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ፦ ሁለት ናቸው

«መርፌውን ወግተውኛል» የሚለኝ ሰው የትኛውን እንደሆነ አያውቅም። አንደኛው ቲኤቲ ነው። ይህ ተዘጋጅቶ የመጣ መከላከያ ነው፤ ወዲያው ይሠራል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ከሰውነት ይጠፋል። ሁለተኛው ክትባቱ ነው። እሱ ሰውነት የራሱን መከላከያ እንዲሠራ ያስተምረዋል፤ ሦስቱን ዙር የጨረሰ ሰው ለዓመታት ይጠበቃል። ክትባቱን ለጨረሰ ሰው፣ ቁስሉ ንጹህ ከሆነ 10 ዓመት ካለፈው፣ ቆሻሻ የነካው ከሆነ 5 ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። ያልጨረሰና ቁስሉ የቆሸሸ ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል። ዘንድሮ ቲኤቲ ተወግቻለሁ ብሎ የሚቀጥለውን ዓመት ምስማር መናቅ አይቻልም።

ማን አልተከተበም? የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም አገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ፣ ከዚያ በኋላም ክትባት ባልደረሰበት ገጠር ያደጉ ብዙ ናቸው። እናቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ ይከተባሉ። ሞፈርና መጥረቢያ የሚይዘው፣ ድንጋይ የሚፈልጠው አባወራ ግን የሚጠራው የለም። ለእኔ ትልቁ ክፍተት እዚህ ነው። ባሎቻችሁን ይዛችሁ ኑ።

ወጌሻ ወይስ ራጅ?

ወጌሻን ማንቋሸሽ አልፈልግም። እጁ ብዙ ያየ ወጌሻ አለ። ሌሊት ሊነቃ የሚችል፣ የሚያውቃችሁ፣ ገንዘብ የማያስጨንቃችሁ ሰው ነው። ኳስ ሜዳ ላይ እንኳ ተጫዋች ሲወድቅ የሚሮጠውን ባለሙያ እስከዛሬ ወጌሻ ነው የምንለው። ለተራ ወለምታና ለጡንቻ መሸማቀቅ እሱ ጋ ብትሄዱ አልከለክልም፤ መጀመሪያ ሦስት ነገር ካረጋገጣችሁ። አጥንቱ ላይ ሲነካ አያምም። ቅርጹ አልተጣመመም። እግር ከሆነ ቢያነክስም አራት እርምጃ ይራመዳል።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ራጅ ይቅደም። አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ ደግሞ ማንም እንዳይነካው፤ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኖ ሆስፒታል።

የምፈራው ማሸቱን አይደለም፤ አስተሳሰሩን ነው። የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ተጠፍንጎ የታሰረ ከሆነ ወደ ውጪ የሚያብጥበት ቦታ የለውም፤ ወደ ውስጥ ሄዶ የደም ሥሩን ያንቀዋል። ልጁ ማታ ያለቅሳል። ቤተሰብ «አጥንቱ እየገጠመ ነው፣ ቻለው» ይለዋል። በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ይቆማል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ለቅሶው የቆመው ነርቩ ስለሞተ ነው። ጣቶቹ ጠቁረው ሲመጡ ሐኪሙ ያለው አማራጭ መቁረጥ ብቻ ይሆናል። በአገራችን የልጆች እጅ ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ማንም ይሰረው ማን፣ ወጌሻም ሆስፒታልም፣ ጣቶቹን እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ስትዘረጉለት ከመጠን በላይ ካመመው ማሰሪያው ይፈታ። ሌሊትም ቢሆን፣ «ወጌሻው ይቀየመናል» ሳይባል። ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል።

መንገድ ላይ ለማድረስ ብቻ ከሆነ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች በሚይዝ እንጨት ደግፉት። መሐሉን በጨርቅ ሙሉት። በነጠላ ወይም በሽርጥ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ። ሊሰፋ ወይም ቀዶ ሊደረግ ለሚችል ሰው ምግብ አትስጡ፤ ሰመመን ሊሰጠው ይችላል።

ቃጠሎ

ለቃጠሎ የቤቱ አማራጭ ብዙ ነው፦ እንቁላል፣ ሊጥ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እሬት። ሁሉንም አስቀምጡና ውሃ አምጡ። የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ 20 ደቂቃ። በረዶ አይደለም። በረዶ የተቃጠለውን ቆዳ እንደገና ይጎዳዋል። ቧንቧ ከሌለ በአንድ ጀሪካን ይቻላል፤ እጁን ሳፋ ላይ አድርጋችሁ በኩባያ አፍስሱበት፣ ሳፋ ውስጥ የወረደውን መልሳችሁ ቅዱ። ከተቃጠለ እስከ 3 ሰዓት ድረስ እንኳ ይህ ማቀዝቀዝ ጥቅም አለው። የጥርስ ሳሙናው የሚያቀዘቅዝ የሚመስለው ውስጡ ባለው ሚንት ነው፤ ሙቀቱን ግን ውስጥ ይዘጋዋል። እኔ ደግሞ ቃጠሎው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የደረቀ ሊጥ ከሕፃን ቆዳ ላይ መላጥ አለብኝ። ያንን ለቅሶ መስማት አትፈልጉም።

ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት። በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት። ስፋቱ ከተጎዳው ሰው መዳፍ ከበለጠ (መዳፍ ከነጣቱ የሰውነታችን 1 በመቶ ያህል ነው)፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ ብልት፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ወደ ሕክምና ይሂድ። ነጭ ሆኖ የማያም ቃጠሎ ከሚያመው ይበልጥ የጠለቀ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ እንዳይነካ፣ ይተላለፋል የሚባለው ስንት ሰው አቃጥሏል! አይተላለፍም። ጎትቱና አውጡት።

ውሻና እባብ

ውሻ ከነከሰ ቅደም ተከተሉ አይለዋወጥም። መጀመሪያ ሳሙናና የሚፈስ ውሃ፣ 15 ደቂቃ። ይህ ብቻውን ብዙ ቫይረስ ያጥባል። ቀጥሎ በዚያው ቀን ጤና ተቋም፤ የእብድ ውሻ ክትባት ይጠየቃል። የተነከሰ ቁስል ብዙ ጊዜ አይሰፋም፤ አትገረሙ። ውሻው የታወቀ ከሆነ አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ።

ጸበልም ዱዓም በየእምነታችሁ ይኑሩ። ሳሙናው ግን ይቅደማቸው፣ ክትባቱም አይዘግይ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው። ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። «አንድ ወር ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው አሁንም ይከተብ።

እባብ ወደ ባቲና ወደ ሌሎቹ ቆላዎች ይበዛል። አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ ጥፍንግ ተደርጎም አይታሰር። የተነደፈው ሰው አይራመድ፤ በቃሬዛ ወይም በመኪና ሆስፒታል ይድረስ።

ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ አንድ ነገር ተጨምሯል። እረኛ ልጆች ሜዳ ላይ የማያውቁትን ብረት እንዳያነሱ ንገሯቸው። የፈነዳ ነገር ያቆሰለው ሰው፣ ቀዳዳው ትንሽ ቢመስልም፣ በቀጥታ የሆስፒታል ነው።

ሳይመቱት የመጣ ቁስል

ማንም ሳይመታው፣ ሳይቆረጥ የወጣ ቁስል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የቅባት ውድድሩን አቁሙ። ደጋ ላይ፣ ገደልና ዋሻ አጠገብ፣ ሽኮኮ የሚበዛበት አካባቢ፣ ፊት ላይ የሚወጣና የማያም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። የሚያመጣው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ተህዋስ ነው። ተራ የቁስል መድኃኒት አይመልሰውም። ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ቁንጭርም ያክማል። ልጃችሁን የፊቱ ጠባሳ ሳይሰፋ እዚያ አሳዩት።

እግር ሥር ያለ የማያም ቁስል ደግሞ ሌላ ሁለት ጥርጣሬ አለው፦ ስኳርና ስጋ ደዌ። ሁለቱም ስሜትን ይገድላሉ። አለማመሙ የሚያስደስት ነገር አይደለም።

ሲመግልስ? ከቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ከጎረቤቱ ይበልጥ ከሞቀ፣ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ ንፍፊት ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ ተበክሏል። በኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ በእጅ ጀርባ ነክታችሁ ሙቀቱን አወዳድሩ።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው

ሐኪም ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው። ወረቀቱ ለፖሊስ ወይም ለሥራ ቦታ የሚሄድ ከሆነ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። «ኢንጁሪ» ካለ ማንኛውም ጉዳት ነው፤ ቆዳ ባይከፈትም። «ዉንድ» ካለ ቆዳው ተከፍቷል። «አብሬዥን» መላጥ፣ «ላሰሬሽን» መቀደድ፣ «ኮንቱዥን» በልዞ መቅረት ነው። «ስፕሬይን» ወለምታ፣ «ዲስሎኬሽን» ውልቃት፣ «ፍራክቸር» ስብራት። አጥንታችሁ ተሰብሮ ወረቀቱ «ኮንቱዥን» ብቻ ካለ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሩ ልጆች በተለይ፣ የሥራ ላይ ጉዳት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገ መብት ስላለው፣ ጉዳቱ የደረሰበት ቀንና ቦታ በወረቀቱ ላይ መኖሩን እዩ። ቅጂ አስቀሩ።

ስፌቱን ለማስወጣት

የተሰፋበት ቦታ ድረስ መመለስ ግዴታ አይደለም። ደሴ የተሰፋ እጅ ኩታበር ወይም ሐይቅ ክሩ ይወጣል፤ ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። ፊት ላይ ያለ ስፌት በ5 ቀን ገደማ ይወጣል። ከዚያ ከዘገየ የክሩ ምልክት ይቀራል። ራስና ክንድ ከ7 እስከ 10 ቀን። እግርና መገጣጠሚያ ከ10 እስከ 14 ቀን። ጉልበቱ የተሰፋ ገበሬ በስምንተኛው ቀን «ድኗል፣ አውጡልኝና ልረስ» ብሎ ይመጣል። አላወጣለትም። ካወጣሁለት ቁልቁለት ሲወርድ ይተረተራል።